ለገብስ የወጣ ዕጣ

ሰዉ ሁሉ «እሳቸው» ይለዋል፤ እኔ ግን «እሱ» እላለሁ። የሚከፋው ካለ ይክፋው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ በሌላውም ነገር ከእርሱ አንሼ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ለዶክተር ቀለመ ወርቅ ወልደ ሰንበት ትልቅ ድንኳን ተተከለ። በሬ ተጣለ፤ ጠጁ በጋን ተደረደረ፤ ሹማምንቱ ከፊት፣ ካህናቱ ከቀኝ ተቀመጡ። ፕሮፌሰር የሚባል ማዕረግ አግኝቶ ነው አሉ። ሆዳችን ከሞላ በኋላ ከአዲስ አበባ አብሮት የመጣ አንድ ሱፍ ለባሽ ተነሥቶ ባለማዕረጉ በውጭ አገር መጽሔቶች ያሳተማቸውን ጽሑፎች ርእስ ያነብ ጀመር። ሃያ ሁለት ናቸው። አንዱን በእንግሊዝኛ ያነብና በአማርኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጭብጨባ ይጠብቃል።

«በትንንሽ ማሳዎች ላይ የሚደርስን ስሕተት ስለ መገመት።»

ጭብጨባ።

«በእርሻ ሙከራ ውስጥ ከውጤቱ አንዱ ቢጠፋ ሒሳቡ እንዴት እንደሚቃና።»

ጭብጨባ። አንዲት ሴት ምኑ እንደ ሆነ ሳታውቅ እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ርእሱ እንኳ የገባው ሰው አልነበረም፤ ያላጨበጨበ ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሰው የማያውቀውን ነገር በአክብሮት ዝም ብሎ ቢሰማ ያምርበታል፤ የማያውቀውን ማጨብጨብ ግን የጠጅ ሥራ ነው።

አምስተኛው ርእስ እንዲህ የሚል ነበር፤ «በእስቴ ደጋ፣ ያለ አድልዎ በተደለደሉ ማሳዎች፣ አራት የገብስ ዓይነቶች ሲነጻጸሩ።»

ይህ ሲነበብ ብርሌዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ያ ማሳ የሟች ወንድሜ ሚስት የላቀች ማሳ ነበር። ያጨበጨበው ሁሉ ለምን እንዳጨበጨበ ይወቅ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ቀለመ ወርቅ የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ልጅ ነው። መሪጌታ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ የማያውቁትን «አላውቅም» ይላሉ። ልጃቸው እንደ እርሳቸው ድጓ እንዲማር ብለው ገና በልጅነቱ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሰደዱት። እዚያ ያሉት መምህራን የሚገባቸውን አድርገዋል፤ በእነርሱ ላይ የምለው የለኝም። ልጁ ለዓመት በዓል ወደ አገሩ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አባትዬውም ይጠይቁታል።

«የት ደረስህ ልጄ?»

«ከድጓው ዮሐንስ የሚባለውን ክፍል አልፌ አስተምሕሮ ደርሻለሁ አባባ። በዕድሜ የሚበልጡኝን ጥያቸው ሄጃለሁ።»

«እሰይ። እስቲ ካለፍኸው አንዱን በል።»

ይነሣል፤ ነጠላውን ያስተካክላል፤ የመጀመሪያውን ቃል ያነሣና ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ያስላል።

«ጉሮሮዬን አሞኛል። ግን አልፌዋለሁ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጎረቤቱ ግን «አልፎታል እኮ! አልፎታል!» እያለ ይደነቃል። የሰውዬው ሕይወት እዚህ ላይ አለቀ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይኸው ነገር በሌላ ልብስ ነው። ማወቅን ፈልጎ አያውቅም፤ የሚፈልገው «አለፈው» መባልን ነው።

ቤተ ልሔምን ሳይጨርስ ትቶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ የእርሻ ኮሌጅ፣ ከዚያ አሜሪካ። ዶክተር ሆኖ ሲመለስ አባቱ አርፈዋል። የተማረው ትምህርት ስታቲስቲክስ ይባላል። በየትኛው ማሳ የትኛው ዘር እንደሚዘራ፣ የተገኘው ብልጫም ከዘሩ ይሁን ወይም እንዲያው በዕድል የመጣ፣ በሒሳብ የሚለይበት ነው። ትምህርቱን አልነቅፍም። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ቢሆንም፣ ነገሩን የሚያውቅ አስተማሪ አግኝቼ ቁጭ ብሎ አስረድቶኛል። ንጹሕ ሐሳብ ነው። ሐቀኛ ሰው ቢይዘው አገር ይጠቅማል። የነቀፍሁት የያዘውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ማሳው ልምጣ።

ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ አስታ ሜዳ የምትባል ደጋ አለች፤ አገራችን እርሷ ናት። እዚያ ላቀች ሰፌድ የምትባል አንዲት ማሳ ነበረቻት። ክብና ገላጣ ስለ ሆነች ነው ሰፌድ የተባለችው። ከአባቷ የደረሰቻት ርስቷ ናት፤ ሌላ መሬት የላትም። ወንድሜ ሞቶባታል፤ ልጅ አልወለደችም። ዓመቱን ሙሉ የምትበላው ከሰፌድ ነበር።

ሰፌድ ያለችበት መሬት ከጥንት ዋለ የሚባሉ አባት ያቀኑት ነው። ዋለ አራት ልጆች ወለዱ፤ የአራቱ ቤቶች ተወላጆች ዛሬም አሉ። ላቀች ከአራተኛው ቤት ናት፤ ከብት የሌለው፣ ሰው ያለቀበት ቤት። አንደኛው ቤት የግራዝማች ጓዴ ነው። ግራዝማች ጓዴ በረታቸው ሞልቶ ሌላ በረት ያሠሩ፣ ልጆቻቸው ብቻ ለአንድ ደቦ የሚበቁ፣ የሌላ ሰው ድንበር ባዩ ቁጥር ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ሰው ነበሩ። «ሰፌድ ዕጣ ሳይወጣባት የተያዘች ናት» ማለት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል። ሰሚ ግን አላገኙም ነበር።

በእኛ አገር ርስት የሚካፈለው እንዲህ ነው። መሬት ሁሉ እኩል ስላልሆነ፣ አንዱ ጥቁሩን አፈር ይዞ ሌላው ድንጋዩን እንዳይታቀፍ፣ ማሳው በገመድ ይከፋፈላል፤ ችካል ይተከላል። ከየቤቱ አንድ ሽማግሌ ይቆምና ዕጣ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቤት ከመልካሙም ከክፉውም ተበታትኖ ይደርሰዋል። ዕጣ የደረሰው ሰው በቶሎ የበረት ፍግ ያፈስበታል፤ ያዝሁት ማለት ነው። ቅር ያለው ባለይዞታ ካለ ያን ጊዜውኑ የመንደሩን ጭቃ ሹም ጠርቶ ይጮኻል። ፍጉ ሲፈስ እያየ ዝም ካለ ግን ወድዷል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ይህን በአስታ ሜዳ የማያውቅ የለም። የመሪጌታ ልጅም ያውቀዋል፤ አባቱ ርስት ሲካፈሉ ችካሉን ተሸክሞ የተከተለ እርሱ ራሱ ነው። ፈረንጅ ቢሆን ይቅር ባልነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ይህ ሰው በላንድሮቨር መጣና ላቀችን ማሳዋን ለመነ። ላቀች የእናቱ የአክስት ልጅ ናት።

«ለአንድ ክረምት ብቻ ነው እትዬ። ሙከራ ልሠራበት ነው። እህሉም ገለባውም የእርስዎ ነው፤ እኔ የምፈልገው ሚዛኑን ብቻ ነው።»

«የመሪጌታ ልጅ ለምኖኝ እንቢ እላለሁ?» አለችና ሰጠችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን ሰፌድ ላይ ሰበሰበ። ሥራውን ገበሬ ይየው፣ ይሳተፍበት ይላል፤ ጽሑፉ ላይ እንዲያምርለት ነው። ማሳውን በገመድ ሃያ ቦታ ከፍሎ ችካል ተክሎበታል። ባርኔጣውን አውልቆ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ጨመረበት።

«ወገኖቼ» አለ፤ «አራት ዓይነት ገብስ አምጥቻለሁ። ሦስቱ የአገራችን ናቸው፤ ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ሰነፍ ቆሎ። አራተኛው የፈረንጅ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን መሬቱ እኩል አይደለም። ከወደ ላይ ድንጋያማ ነው፤ ከወደ ታች ጥቁር አፈር። አንዱን ገብስ መልካሙ ላይ ብቻ ብዘራው አድልዎ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ከመልካሙም ከክፉውም እንዲደርሰው በዕጣ እደለድላቸዋለሁ።»

ውዴ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ሽማግሌ ከዱላው ላይ ቀና አለ።

«ይህንማ እኛም እናደርገዋለን። አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደህ?»

ሰዉ ሳቀ። ቀለመ ወርቅም ሳቀ።

«የእኛ በሒሳብ ነው፣ አያ ውዴ።»

«የእኛስ በምን መሰለህ? በጭፈራ?»

ሳቁ ሳይበርድ ሰውዬው የማይሆነውን ሠራ። «አራት ሽማግሌ ስጡኝ፤ ከየቤቱ አንዳንድ። አንድ አንድ ገብስ ያወጡልኛል» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ተቆረጠ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ገመዱን አየ፤ ችካሉን አየ፤ ባርኔጣውን አየ። ግራዝማች ጓዴ ካባቸውን ሰብስበው ከሁሉ ቀድመው ተነሡ። ከሁለተኛው ቤት ውዴ ተነሣ፤ ከሦስተኛው ቄስ ገብረ ማርያም። ከአራተኛው፣ ከላቀች ቤት፣ ካሣሁን የሚባል ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ በሰው ተደግፎ መጣ።

ለፈረንጁ ገብስ ያወጡት ግራዝማች ጓዴ ናቸው። አምስት ወረቀት አወጡ፤ ቀለመ ወርቅ እየፈታ ቁጥሩን በየችካሉ ላይ ጻፈ። የገብሱን ስም መጥራት ረዘመበት መሰለኝ በባለዕጣው ስም ይጣራ ጀመር። «ይህ የግራዝማች ጓዴ። ያ ከታች ያለውም የግራዝማች። ይኸኛው የአያ ውዴ።» ነጩ ገብስ የውዴ፣ ሰነፍ ቆሎው የቄስ ገብረ ማርያም፣ ጥቁሩ የካሣሁን ሆነ። ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ በልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው «ዕጣው የበረከት ያድርግልን» አሉ። ሊቁም ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሜን» አለ።

ላቀች ከማሳው ዳር ቆማ ነበር። መጥታ እጁን ያዘችው።

«ቀለመ፣ ይህ ነገር ለገብሱ ነው፣ አይደል?»

«ለገብሱ ነው እንጂ እትዬ፤ ለምን ሊሆን ኖሯል?»

ለእርሷ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የመለሰላት። ያንኑ ቃል ጮኾ ለሕዝቡ ቢናገረው ምን ነበረበት? እርሱ ግን ገመዱን መጠቅለል ይዟል።

ለዘር በሰኔ ሲመለስ ሰፌድ የድሪቶ ጨርቅ መስላ ጠበቀችው። የግራዝማች ጓዴ አምስት ቦታዎች በፍግ ጠቁረዋል፤ ልጆቻቸው በየቀኑ ከበረት እያጋዙ ሲያፈስሱ ሰንብተዋል። የቄስ ገብረ ማርያምና የውዴ ቦታዎች መጠነኛ ፍግ ደርሷቸዋል። የካሣሁን ጥቁር ገብስ የሚዘራበት ቦታ እንደ ነበረ ነው፤ ካሣሁን የዘመዱን መሬት አልነካም፤ ቢፈልግም ከብት የለው። እኔ ከጎን ያለውን ማሳ እያረስሁ ነበር፤ የሆነውን በዓይኔ አይቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አየህ?» አለችው ላቀች። «የግራዝማች ልጆች ናቸው። ትናንት ነው ዘመድ ጥየቃ ከሄድሁበት የገባሁ። አሁን ጭቃ ሹሙን ላስጠራ ነው።»

ቀለመ ወርቅ ጫማውን ፍግ ነክቶት ኖሮ በድንጋይ ይፍቃል።

«ቀለመ!»

«እትዬ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ። ጭቃ ሹም ከመጣ ጠብ ይነሣል። ጠብ ከተነሣ ችካሌን ይነቅሉታል። ዓመቱ ሄደብኝ ማለት ነው።»

«አንተን ዓመቱ አሳሰበህ። እኔን መሬቴ ነው።»

«መሬትዎ የት ይሄዳል? እስከ ኅዳር ብቻ ይታገሡኝ። አጭደን ስንጨርስ እኔው ራሴ ቆሜ እመሰክርልዎታለሁ።»

«ፍጉስ? ሁሉ እኩል ይሁን ብለህ አልነበረም እንዴ?»

«የፍጉን ነገር ለእኔ ይተዉት።»

ተወችለት። እርሱም ተወው።

ሐቀኛ ሰው ቢሆን ችካሉን ነቅሎ «ዘንድሮ ተበላሽቷል» ብሎ ይሄድ ነበር። ይህን ለማለት ዶክተርነት አያስፈልግም። ነገር ግን በሚያስተምርበት የእርሻ ኮሌጅ አንድ ሹመት ተከፍቷል፤ ሹመቱ አምስት የታተመ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ እርሱ አራት አለው። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ ያን ዕለት ማታ በላቀች ቤት እራት እየበላ፣ እንደ ቁም ነገር። ዘሩንም በማግሥቱ በዚያው ፍግ ላይ ዘራ።

በኅዳር የፈረንጁ ገብስ ብብት ይደርሳል። የካሣሁን ጥቁር ገብስ ጉልበት ላይ ቀርቷል። ቀለመ ወርቅ የየቦታውን ለብቻ አሳጭዶ፣ ለብቻ አስወቅቶ፣ በሚዛን እየሰቀለ ጻፈ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። በኋላ የታተመለትን ጽሑፍ አግኝቼ ያ አስተማሪ ተርጉሞልኛል። «ከሁሉ የበለጠው የውጭው ገብስ ነው፤ ይህ ብልጫ በዕድል የመጣ ሊሆን አይችልም» ይላል። በዕድል እንዳልመጣስ እውነቱን ነው። የመጣው ከግራዝማች ጓዴ በረት ነው።

ሚዛኑ አልቆ መኪናው ከመንቀሳቀሱ የግራዝማች ልጆች እህሉን አህያ ላይ ጫኑ። የሁለቱ ቤት ሰዎችም የየራሳቸውን ጫኑ። ያን ጊዜ ላቀች ጮኸች። ጭቃ ሹሙ መጣ፤ ነገሩን ሰማ፤ ከዚያ ከእርሷ በቀር ማንንም አልጠየቀም።

«ፍጉ ሲፈስ የት ነበርሽ?»

«ዝም በይ ተባልሁ።»

«ማን ነው ዝም በይ ያለሽ?»

«ዶክተሩ።»

«ዶክተሩ ይህን ከመሰከረልሽ መሬቱ የአንቺ ነው፤ ካልመሰከረልሽ አይደለም።»

ነገሩ እንደዚህ ነበር፤ ያለ አንዳች መጠማዘዝ። ዳኛ ፊት ስንቀርብም ያው ሆነ። ዳኛው አስተዋይ ሰው ነበሩ። እኔ የሰማሁትን ልናገር ብነሣ ግራዝማች ጓዴ «የባሏ ወንድም ነው» ብለው ተቃወሙኝ፤ ሕጉ ነውና ተቀመጥሁ። ዳኛው ቀለመ ወርቅ እንዲጠራ አዘዙ።

ጥር ላይ መጣ። ብቻውን አይደለም፤ የኮሌጁ አለቃ የሆነ ፈረንጅ ማሳውን ልይ ብሎ አብሮት መጥቷል፤ ከአስተርጓሚ ጋር። ያ አምስተኛው ጽሑፍ ወደ ውጭ አገር ተልኳል፤ ፈረንጁም ሹመቱን የሚሰጠው ሰው ነው። ዳኛው ችሎት በሚዋልበት ትልቅ ዝግባ ሥር ተቀምጠዋል፤ ላቀች በግራ፣ ግራዝማች ጓዴ በቀኝ ቆመዋል። ፈረንጁ ከኋላ በርጩማ ተሰጠው፤ አስተርጓሚው ጆሮው ላይ ይነግረዋል።

ዳኛው መስቀል አስጨብጠው አስማሉት።

«ዶክተር፣ ዕጣውን ያወጡት ለገብስ ነው ለሰው?»

«ለገብስ ነው ጌታዬ።»

ላቀች እፎይ አለች። ግራዝማች ጓዴ ግን አልደነገጡም። እጅ ነሥተው ጥያቄ ለመጠየቅ ፈቃድ ለመኑ።

«ዶክተር፣ ለገብስ ከሆነ መልካም። እኛ ገበሬዎች ተሳስተናል እንበል። ልጆቼ ፍግ ሲያፈስሱበት፣ በሰኔ መጥተው በዓይንዎ ሲያዩት፣ ለምን ዝም አሉ?»

ቀለመ ወርቅ ወደ ኋላ ዞሮ ፈረንጁን አየው። አስተርጓሚው ፍግ የሚለውን ቃል እያስረዳ ነበር፤ ፈረንጁም አንገቱን አስግጎ የቀለመ ወርቅን አፍ ይመለከታል።

ዳኛው «ይመልሱ» አሉት። «ፍግ አይተዋል? ይህችስ ሴት ያን ጊዜ አቤት ብላዎታለች?»

«ፍግ የሚባል አላየሁም» አለ።

ዝግባው ሥር የነበረው ሕዝብ ሁሉ አጉረመረመ። ያን ፍግ ያላየ በአስታ ሜዳ ውሻ እንኳ የለም።

«አቤቱታዋስ?»

«ስለ ፍግ የነገረኝ ሰው የለም። ማሳው በሙሉ እኩል ነበር።»

ላቀች አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። «ቀለመ፣ ጫማህን በድንጋይ ስትፍቅ አልነበረም?»

«ሰኔ ነው እትዬ። ጭቃ ይሆናል።»

ውዴ ከሕዝቡ መሃል ሆኖ «ጭቃማ አይደለም! ያፈሰስሁት እኔ ነኝ፤ ሽታውን አውቀዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። በራሱ ቤት ላይ መመስከሩ እንደ ሆነ እንኳ አላሰበውም፤ ውሸቱ ስላንገበገበው ነው። የዳኛው አሽከሮች አስወጡት። ግራዝማች ጓዴ ሳቃቸውን በካባቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያሸነፉ ሰው ናቸውና አይፈረድባቸውም። እርሳቸው መሬት ሊቀሙ የመጡ ናቸው፤ ቀማኛ መሆናቸውን ደብቀው አያውቁም። የእኛ ሊቅ ግን በመስቀል ምሎ፣ በዓይኑ ያየውን ካደ፤ ይህን ያደረገውም ለመሬት አይደለም፤ ለአምስተኛ ቁጥር ነው። ከሁለቱ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጥ ብባል ከግራዝማች ጋር እቀመጣለሁ።

ዳኛው መስቀሉን ከእጁ አስመለሱ። ከዚያ ፈረዱ። ዕጣው ለገብስ ነበር ቢባልም፣ ባለይዞታዋ ፍጉ ሲፈስ በጊዜው ስለ መጮኋ ምስክር አላገኘችም፤ የጠራችው ምስክርም አልመሰከረላትም። ስለዚህ ዕጣው እንደ ጸና ይቆጠራል፤ ሰፌድ በአራቱ ቤቶች ትከፈል። ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ግን ምን ያድርጉ? ለላቀች ቤት የደረሱት እነዚያ የካሣሁን አምስት ቦታዎች ናቸው፤ ከቤቱ ተወላጆች ጋር የምትካፈላቸው። በሬ እንኳ በወጉ አይዞርባቸውም።

ሕዝቡ ሲበተን ላቀች የዝግባው ሥር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከአጠገቧ ቆሜያለሁ። ቀለመ ወርቅ ፈረንጁን መኪና ውስጥ አስገብቶ ተመልሶ መጣ። በትከሻው አንድ ከረጢት ተሸክሟል። የሚያፍር መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ፊት ነበረው።

«እትዬ፣ አይዘኑብኝ። ነገሩ እርስዎ እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ይኸን ይያዙልኝ። ያ የበለጠው ገብስ ነው፤ ምርጥ ዘር። ገና ለማንም አልተሰጠም፤ ለእርስዎ የመጀመሪያው ነው።»

ላቀች ከረጢቱን አየችው። ቀና ብላም እርሱን አየችው።

«የት ልዝራው?»

ወደ ሰፌድ አቅጣጫ ተመለከተ፤ የግራዝማች ልጆች ገና ከአሁኑ ገመድ ዘርግተው ችካል ይተክላሉ። ከረጢቱን እንደ ተሸከመ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ላቀች በዚያው ወር ንፋስ መውጫ ወደምትኖር የእኅቷ ልጅ ሄደች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ጥጥ ትፈትላለች። እኔ «ከእኔ ጋር ኑሪ» ብዬ ለምኛት ነበር፤ «ሰፌድን ሌላ ሲያርሳት እያየሁ አልኖርም» አለችኝ።

የሚያርሷት የግራዝማች ጓዴ ልጆች ናቸው፤ የቀሩትን ቤቶች ቁራሽ አንድ በአንድ ጠቅልለውታል። የሚዘሩባትም ነጭ ገብስ ነው። የፈረንጁን ለምን እንደ ተዉት አንድ ቀን ታላቅየውን ጠየቅሁት፤ «አንድ ዓመት ያለ ፍግ ሞከርነው፤ ለበቅሎ ድርቆሽ እንኳ አልበቃም» አለኝ።